ለጋሼ ላዴ ከበሮ አልመታም

ግንቦት 6

ወንድሜ ዛሬ ጠዋት ሞተ። ሰባ አራት ዓመቱ ነበር። በገዛ አልጋው ላይ፣ ልጆቹ ዙሪያውን ቆመው፣ ሰው የሚመኘውን ሞት ሞተ። ግቢው ግማሹ ያለቅሳል፣ ግማሹ ይጨፍራል። አዛውንት ሲሞት እንዲህ ነው።

እኔ አላለቀስኩም። ይህ ደብተር ከአስተማሪነቴ ዘመን የተረፈ የሒሳብ ደብተር ነው። ሰው ፊት ብናገር ክፉ ስለምናገር እዚህ ላይ እጽፋለሁ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየማለዳው ደጁ ላይ በግንባሬ ተደፍቼ "እንዴት አደሩ ጋሼ" ብያለሁ። እሱም "ደህና ነኝ፣ ተነሥ" ይላል። ከዚያ ሌላ አንድ ቃል አልተለዋወጥንም። ታናሽ ታላቁን ሳይሳለም ቢውል ነውር ነው። ታላቅን መጥላት ግን ማንም አልከለከለኝም።

ዛሬም ገብቼ ተደፋሁ። "ተነሥ" የሚለኝ አልነበረም። ጉልበቴን አሞኝ ስለነበር ቶሎ አልተነሣሁም።

ግንቦት 8

ቀበርነው። እንደ ደንቡ በራሱ ክፍል ውስጥ፣ አልጋው ከነበረበት ሥር። ላዩ በሲሚንቶ ተለስኗል። ሚስቱ እትዬ አሻቢ ጠዋት ማታ አጠገቡ ተቀምጣ ታወራዋለች። ልጆቹ ያውቁታል። ከኦግቦሞሾ የመጣው ግንበኛ እንኳ የት እንዳለ ያውቃል።

የኔ ልጅስ የት ነው?

ዴጂ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ዝናብ፣ ሞተር ብስክሌት፣ ግንድ የጫነ መኪና። ወላጅ የልጁን መቃብር አያይም፣ ቦታውም አይነገረውም። ሌሎች ወስደው ይቀብሩታል፣ ተመልሰውም ዝም ይላሉ። ወንድሜና ልጁ ሲጂ ወሰዱት። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ተመለሱ። "የት?" አልኩት። "ይህ አይጠየቅም" አለኝና እግሩን መታጠብ ጀመረ። እግሩን ታጠበ!

አሁን ደግሞ ምስጢሩን ይዞ ሄደ።

ግንቦት 9

ሲጂን ከጓሮ በር ላይ ያዝኩት። ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፣ ያኔ መቆፈሪያውን የያዘው እሱ ነው።

"ሲጂ፣ አባትህ ከእንግዲህ አይቆጣህም። ንገረኝ።"

መሬት መሬት ያያል። "አጎቴ፣ ነገሩ የአባቴ ነው። እኔ ቆፋሪ ነበርኩ።"

"ቆፋሪ የቆፈረበትን አያውቅም?"

"ያውቃል። አይናገርም እንጂ። አባቴን ይጠይቁት።"

"አባትህ ሞቷል!"

"ሞተ እንጂ መች ሄደ?" አለኝና ሹልክ ብሎ ወጣ። በዚህ ቤት እኔ ላይ የማይቀልድ የለም።

ግንቦት 11

የቀትር እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጸጥታው ነው።

ይህን መጻፍ አለብኝ፣ ሰው ሁሉ አሁን ቅዱስ ሊያደርገው ነውና። ጋሼ ላዴ የራሱ በረንዳ ሰፊ ነው፣ ጥላ አለው፣ ነፋስ ያገኛል። እሱ ግን ከዴጂ ሞት ወዲህ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በርጩማውን ተሸክሞ፣ በዚያ ጎታታ ዳሌው እየተንፏቀቀ፣ ወደ ጓሮ ይመጣና ከኔ መኝታ ቤት መስኮት ሥር፣ አኮኮው ዛፍ ጥግ ይቀመጣል። የከበሮ ጠፍር ይወጥራል። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። እኔን ለማብገን ካልሆነ ለምን? ውሃ ሲያመጡለት ደግሞ መጀመሪያ ግማሹን መሬት ላይ ይደፋና የተረፈውን ይጠጣል። በበጋም ቢሆን፣ ጉድጓዱ በደረቀበትም ወር ቢሆን ይደፋል። ውሃውን የምትልክለት ደግሞ የኔው ሚስት አዌሮ ናት!

ከዘጠኝ ዓመት በፊት እዚያ ቦታ ላይ መታጠቢያ ቤት ልሠራ አሸዋ አስመጣሁ። ቆንጨራ ይዞ ቆመበት። ምክንያት አልሰጠም፣ ብቻ ቆመ። አሸዋዬን ዝናብ ወሰደው። አዌሮ "ተወው መምህር፣ ይቀመጥ፣ ጥላ ነው የፈለገው" አለች። ጥላ የጠፋበት አገር ይመስል።

ዛሬ በርጩማውን አንሥቼ ማገዶ ቤት ወረወርኩት።

ግንቦት 16

አለቃ ኦጄዋሌ መጡ። የኤጉንጉን ማኅበር አለቃ ናቸው፣ ሰማንያ አልፏቸዋል፣ ዓይናቸው ግን የጭልፊት ነው። ቆላ ፍሬ ሰነጠቅንላቸው። አንዷን ጉንጫቸው ውስጥ ከተው፣

"አያንሶላ፣ ወንድምህ በሰኔ ሃያ ይወጣል" አሉኝ።

ይወጣል ማለት ጨርቁን ለብሶ፣ ኤጉንጉን ሆኖ፣ ከሙታን መንደር መጥቶ ቤተሰቡን ይሰናበታል ማለት ነው። በሕይወት እንደነበረው ይራመዳል፣ እንደነበረው ይስላል፣ ሚስቱን በቁልምጫ ስሟ ይጠራል። ሚስትና ልጆች የመጨረሻውን ቃል የሚሰሙት ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ እንግዳ ሆኖ እንኳ አይመጣም።

"እናት ከበሮዋን ማን ይያዛት?" አሉኝ። ስም የምትጠራዋን ትልቋን ከበሯችንን ነው።

"እኔን ለምን ይጠይቁኛል? እሱ ነጥቆኝ የለም?"

"አልነጠቀህም። እጁን ነው የጫነብህ።"

እጁን ነው የጫነብህ! ዴጂ በሞተ በዓመቱ፣ በኤጉንጉን በዓል ቀን፣ ባታ የሚባለውን ባለ ሁለት ፊት ከበሮ ያነገትኩት እኔ ነበርኩ። እናት ከበሮዋ አንገቴ ላይ ነበረች። የቤታችንን ሙታን በተራ እጠራለሁ፣ አያታችንን፣ አባታችንን፣ ሁለቱን አጎቶቻችንን። ከዚያ ልጄን መጥራት ጀመርኩ። ስሙ ግማሽ ላይ ሲደርስ ወንድሜ ከጎኔ መጥቶ መዳፉን ትልቁ ቆዳ ላይ ዘረጋው። ድምፁ ታፈነ። ከተማው ሁሉ እያየ! ጠፍሩን ካንገቴ አውልቆ ራሱ አነገተው፣ ምንም እንዳልሆነ ቀጠለ። ከዚያ ቀን ወዲህ እናት ከበሮዋን አልነካሁም።

አለቃ ቆላውን ቀስ ብለው አኘኩ። "ወጣት ሟች ከአያቶች ጋር አይጠራም። ከጠራኸው ከአያቶች ጋር ይቀመጣል። ከተቀመጠ ተመልሶ አይወለድም። የከበሮ ቤት ልጅ ሆነህ ይህ ጠፍቶህ ነው?"

"አልጠፋኝም።"

"ታዲያ?"

"አባቱ ነበርኩ።"

ተነሡ። ሲወጡ ደጁ ላይ "አስብበት" አሉኝ። አሰብኩበት። ለጋሼ ላዴ ከበሮ አልመታም። ጠጠር ወንፊት ላይ አድርገው ያንቀጥቅጡለት።

ግንቦት 22

ከኢሴይን ከበሮ መቺ አመጡ። ጎበዝ ነው፣ ክንዱ እንደ ቧንቧ ቀጥ ያለ፣ ካሜራ ፊት መምታት የለመደ። እኔ ከበረንዳዬ ጋዜጣ ይዤ አያለሁ። አላነብም።

የወንድሜን አረማመድ ልምታ ብሎ ጀመረ። ለሠርግ የሚመታውን ነው የመታው። እትዬ አሻቢ ከማጀት ማማሰያዋን ይዛ ወጣች፤ አማላ እያገነፋች ነበር።

"ይሄ የማን ባል ነው የሚሮጠው?"

"እማማ፣ የርስዎ ነው" አላት።

"የኔ ባል ሮጦ አያውቅም። ወታደር ሲመጣ እንኳ ቀስ ብሎ ነው ያመለጠው።"

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳላስበው ሳቅሁ፣ ተናደድኩም። ሰውየው ደግሞ ሞከረ፣ ሦስት ጊዜ ሞከረ። ሦስተኛው ላይ እትዬ አሻቢ መሳቋን ተወች። ማማሰያዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። "እንዲህ ከሆነስ አይምጣብኝ። የማላውቀው ሰው መጥቶ አሻቢ ቢለኝ ምን ብዬ አቤት እላለሁ?" አለች።

እኔን አላየችኝም። ሆን ብላ ነው ያላየችኝ።

ግንቦት 23

ያ ሰው የሚስተው ቀላል ነገር ነው። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ረጅሙ ላይ ደግሞ ዳሌው ሲጎተት ቆዳው በእጅ አንጓ መታሸት አለበት። በርጩማ ሲሸከም ረጅሙ ይበልጥ ይረዝማል። ማንም ጆሮ ያለው ሰው ያውቀዋል።

እኔ ምን አገባኝ።

ሰኔ 1

ዝናብ። ኢሴይኑ ሰውዬ ተሰናብቶ ሄደ።

ሰኔ 2

ሌሊቱን ሙሉ የሲጂ ቃል ጆሮዬ ላይ ነበር። ሞተ እንጂ መች ሄደ፣ አባቴን ይጠይቁት።

ልክ ነው። ይመጣ የለም? ሰኔ ሃያ ቀን ይመጣል። ኤጉንጉን ያለ ከበሮ አንድ እርምጃ አይሄድም፣ ያለ ከበሮ ሽኝትም ወደ ጫካው አይመለስም። እናት ከበሮዋ እኔ እጅ ከሆነች፣ መንገዱ እኔ እጅ ነው። እናት ከበሮዋ እንደ ሰው ትናገራለች። ከተማው ፊት አቆመውና እጠይቀዋለሁ። ልጄን የት አኖርከው? እስኪመልስልኝ አልሸኘውም። በፀሐይ ይቁም። እኔን አሥራ አንድ ዓመት ያቆመኝን እኔ አንድ ቀን ባቆመው ማን ይፈርድብኛል?

ወደ አለቃ ኦጄዋሌ ሄጄ "እመታለሁ" አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝ። "ለምን እንደምትመታ አልጠይቅህም" አሉ።

ሰኔ 5

እናት ከበሮዋን ከወንድሜ ክፍል ግድግዳ አወረድኳት። ከብዳለች። ዙሪያዋ የታሰሩት ቃጭሎች ሳይዝጉ ያብረቀርቃሉ፣ ይወለውላቸው ነበር ማለት ነው።

ትልቁን ቆዳ አየሁት።

የሚዳቋ ቆዳ ነው። ጠርዙ ላይ የሽቦ ወጥመድ ጠባሳ አለ። ይህን ጠባሳ አውቀዋለሁ። ቆዳውን ገበያ ላይ የመረጥኩት እኔ ነኝ። አዳኙ እስኪደርቅ ይቆይልኝ አለ። ከዚያ ዝናቡ ሲጀምር "ዴጂ፣ ሂድና አምጣው" አልኩት። "ነገ ልሂድ አባዬ፣ ሰማዩን አየኸው?" አለኝ። "በዓሉ ደርሷል" አልኩት።

ወንድሜ ከመንገዱ ላይ አንሥቶት ነው። አጥቦት፣ ወጥሮት። በዓመቱ ስሙን ስጠራ የመታሁት በዚህ ላይ ነበር፣ አላወቅሁም። ነገ ሂድ ብዬው ቢሆን ምን ነበር። በዓሉ አንድ ቀን ቢዘገይ ምን ነበር።

ይህን ገጽ እቀደዋለሁ።

ሰኔ 10

አልቀደድኩትም።

ዛሬ ብቻዬን ሞከርኩ። ቀኝ መዳፌ ደድሯል፣ ጣቶቼ ግን አልረሱም። ትንሹን ቆዳ በጠፍር አለንጋ፣ ትልቁን በመዳፍ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ማጀት ውስጥ የሆነ ነገር ወደቀ። እትዬ አሻቢ እጇ እስከ ክርኗ የካሳቫ ዱቄት እንደሆነ ወጣች። ወደ በሩ አየች፣ ሰው የሚገባ መስሏት።

"ድገመው" አለችኝ።

ደገምኩት።

"በርጩማ የያዘ ጊዜ ነው ይሄ" አለች። ከዚያ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀች። እኔ ግን የመጣሁበትን አልረሳሁም። ለሷ ብዬ አይደለም የምመታው።

ሰኔ 19

አዌሮ ልብሴን እያጣጠፈች፣ ፊቷን ሳታዞርልኝ፣

"ልትጠይቀው ነው አይደል?" አለችኝ።

"ማን ነገረሽ?"

"ሠላሳ አምስት ዓመት አብሬህ ኖሬ የሚነግረኝ ልፈልግ?" ልብሱን አልጋው ላይ አስቀመጠች። "የዴጂ አባት፣ ቢመልስልህስ? መልሱን ትችለዋለህ?"

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ ስም ጠርታኝ አታውቅም። መምህር ነበር የምትለኝ።

"እችለዋለሁ" አልኳት።

"ወላጅ አያይም ተብሏል።"

"ያሉት ልጅ ያልሞተባቸው ናቸው።"

ጥላኝ ወጣች። ከጓሮ በኩል የማገዶ ቤቱ በር ሲከፈት ሰማሁ። ለእራት ማገዶ ልታመጣ ይሆናል። እራት ግን በልተን ነበር።

ሰኔ 20

እጄ አብጧል፣ ፊደሌ ይንጋደዳል። ሳይጠፋብኝ ግን እጽፈዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ወጣ። ከጫካው በኩል፣ በወንድሜ ሰማያዊና ቀይ የበዓል ጨርቅ ተጀቡኖ፣ ፊቱ በመረብ ተሸፍኖ። ሲጂ የት ነው ብለው ሁለት ሴቶች ሲጠያየቁ "ኢባዳን ሄዷል" ተባለ። በእንዲህ ያለ ቀን ሁልጊዜ አንድ ሰው ኢባዳን ይሄዳል። ሴቶቹም ከዚያ በላይ አልጠየቁም።

መታሁ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ዳሌው ተጎተተ። ሕዝቡ "ኧረ ራሱ ነው!" አለ። እንደሱ ሳለ፣ እንደሱ ሱረት ከአፍንጫው አስጠግቶ ሳይስበው መልሶ አስቀመጠ። በዚያ ከጉሮሮ ሥር በሚወጣ የሙታን ድምፅ "አሻቢ፣ ወገብሽን ጠብቂ፣ ባልዲ አትሸከሚ" አላት። ተንበርክካ "አቤት" አለችው። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ደጋግማ አቤት አለችው። ልጆቹን መረቃቸው። እኔ እየመታሁ ነበር። ስትጨርስ እንተያያለን፣ ብዬ።

ከዚያ የእርምጃውን ምት አቆምኩ። ቆመ።

እናት ከበሮዋን ወደ እሱ አዙሬ ጠየቅሁት። ልጄን የት አኖርከው? የከበሮ ቋንቋ የሚያውቁት አዛውንቶች ተያዩ። ደገምኩት። አለቃ ኦጄዋሌ ልምጫቸውን አነሡብኝ። ይምቱኝ ብዬ ሦስተኛ ጊዜ ጠየቅሁት። ላብና እንባ ተደባልቆ አፌ ይገባል፣ እየተሳደብኩ ነበር፣ ምን እንደተሳደብኩ አላውቅም።

ወንድሜ ቆሞ ቆሞ ዞረ። ያለ ከበሮ መሄድ ጀመረ። በዕድሜዬ ሙሉ ያለ ከበሮ የተራመደ ኤጉንጉን አላየሁም። የጨርቁ መጎተት ብቻ ይሰማ ነበር፣ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። በቤቱ ጎን ዞሮ ወደ ጓሮ ገባ። ሕዝቡ ተከተለው፣ እኔም ከነከበሮዬ።

ከመስኮቴ ሥር፣ አኮኮው ጥግ፣ በርጩማው ተቀምጧል። አጠገቡ በቅል ውሃ አለ። ማን እንዳወጣቸው አልጠየቅሁም። ዳሌውን ይዞ፣ እያቃሰተ፣ ተቀመጠ። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። "አዪ ላዴ! የመምህርን እንቅልፍ ሊነሳ መጣ!" ተባለ። ቅሉን አነሣ። ከእግሩ ሥር ግማሹን ቀስ አድርጎ መሬቱ ላይ አፈሰሰ። በጣም ቀስ ብሎ፣ ሰው ላይ እንደሚያፈሱ። የተረፈውን ወደ መረቡ ከፍ አደረገ። ከዚያ መዳፉን እርጥቡ መሬት ላይ ዘረጋ።

ያን የመዳፍ አዘረጋግ አውቀዋለሁ።

ሁሉም ይስቃል። እኔና አዌሮ ብቻ አልሳቅንም። እሷ ከሴቶቹ ኋላ ቆማ ነበር፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

እጄ በራሱ ጀመረ። ልጄን መጥራት ጀመርኩ። ስሙ ግማሽ ላይ ደረሰ። ከልካይ አልነበረም። አለቃ ልምጫቸውን አውርደዋል፣ ወንድሜ መሬት ላይ ተቀምጧል። ግማሹ ቀረኝ። ያኔ መዳፌን ትልቁ ቆዳ ላይ ዘረጋሁት፣ ያ የወጥመድ ጠባሳ ያለበት ላይ። ድምፁ ታፈነ።

ቆይቼ፣ ለወንድሜ መታሁለት። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ተነሣ። እስከ ጫካው አፍ ሸኘሁት። እዚያ ከነከበሮዬ በግንባሬ ተደፋሁ። በዚያ የሙታን ድምፅ "ተነሥ" አለኝ።

ይህ ይጻፍልኝ። ወላጅ የልጁን መቃብር አያይም። እኔም ዛሬ ያየሁት ነገር የለም። የት እንደሆነ አላውቅም።

ሰኔ 21

የእናት ከበሮዋ ጠፍር ላልቷል። በረንዳዬ ሰፊ ነው፣ ጥላም አለው። ከሰዓት በኋላ ግን ከመስኮቴ ሥር በርጩማው ላይ ተቀምጬ ወጠርኳት። አዌሮ ውሃ ላከችልኝ።

ግማሹን ጠጣሁ።